«እሺ ጋሼ» ይለኝ የነበረው ልጅ ስልኬን ማንሳት አቆመ

የአንባቢ ደብዳቤ

ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ?

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በአንዲት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በሽምግልና የማገለግል የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ የዕለት እንጀራዬም መምህርነት ነው። ከ2 ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት አነስተኛ ከተማ አዲስ አጥቢያ ለመትከል ወሰነች፤ ለሥራው የተላከውን ወጣት ወንጌላዊ እንድደግፍም እኔ ተመደብኩ። «ኮች ሁነው» ነበር የተባልኩት። የ3 ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ ጥራዝ ተሰጥቶኝ ሥራውን ጀመርኩ።

ልጁ 28 ዓመቱ ሲሆን ባለትዳርና የአንዲት ሕፃን አባት ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ስለሆነ እንደ ልጄ አየዋለሁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ እደውልለትና ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት ቤት እንደጎበኘ፣ የጸሎት ፕሮግራሙ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እጠይቀዋለሁ። ከዚያም ማድረግ የሚገባውን እነግረዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ይለኛል። በሚቀጥለው ሐሙስ ስደውል የነገርኩት ነገር አልተደረገም። ደግሜ እነግረዋለሁ፤ ደግሞ «እሺ ጋሼ» ይለኛል። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በቤቱ የሚሰበሰቡት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት 17 ደርሰው ነበር፤ አሁን 9 ናቸው።

ከ2 ወር በፊት ለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ሳለ ማምሻውን ቤቴ ጎራ አለ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ ኑሮ ስለከበደው ከሰዓት በኋላ የሰው ባጃጅ እየነዳ መሆኑን፣ ባለቤቱ በሰፈሩ ቡና የሚጠራት ጎረቤት እንኳ አጥታ ቀኑን ብቻዋን እንደምትውል፣ እርሱም «ለዚህ ሥራ አልተጠራሁም ይሆን?» ብሎ ማሰብ መጀመሩን ነገረኝ። ለሌሎቹ ሽማግሌዎች እንዳልናገርም አደራ አለኝ። እኔ በጣም ደነገጥኩ። ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው ጌታ የተናገረውን ጠቅሼ እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት መከርኩት፤ ጸለይንና ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ሽማግሌዎች በሰኔ መጨረሻ ድጋፉ ለ3ኛ ዓመት ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ስለሚወስኑ ሪፖርት እንዳቀርብ እየጠየቁኝ ነው። እውነቱን ብናገር አደራውን በላሁ፤ ዝም ብል ወንድሞቼን ደለልኩ። ባለቤቴ ደግሞ «ለመሆኑ ልጁን ታዳምጠዋለህ ወይስ ትሰብክለታለህ?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ልጁን በሥራው እንዲጸና ልገፋው? ወይስ በቃህ ተመለስ ልበለው? ወይስ ለዚህ ኃላፊነት የማልሆን ሰው ነኝ?

ግራ የገባው ሽማግሌ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ ወንድሜ፤

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባቤ ሐሳቤ ከልጁ ጋር ነበር፤ በሁለተኛው ግን ሐሙስ ማታ ስልክ በጆሮዎ ይዘው መልስ የሚጠብቁት እርስዎ ታዩኝ። እንደ ልጅ ያሳደጉት ሰው ሲሸሽ ያማል፤ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ይህ ወጣት በጨነቀው ቀን የመጣው እርስዎ ቤት ነው። ሌሎች ሽማግሌዎች ነበሩ፣ እኩዮቹም ነበሩ፤ እርሱ ግን የእርስዎን በር አንኳኳ። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ በስልክ ያልወጣው ነገር ከእርስዎ ዘንድ ተቀምጦ ወጣ። ይህን ያህል መተማመን በአንድ ምሽት ተሟጥጦ ያልቃል ብዬ አላምንም፤ ተጎድቶ ግን ሊሆን ይችላል።

እስቲ ያን ምሽት አብረን መልሰን እንየው። ልጁ የነገረዎት 3 ነገር ነው፦ የኑሮውን ጫና፣ የባለቤቱን ብቸኝነትና የገዛ ልቡን ጥርጣሬ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እርስዎ የመለሱት ለሦስተኛው ብቻ ነው። የጠቀሱለት ቃል እውነት ነው፤ ሆኖም ተርቦና ደክሞ ለመጣ ሰው እንደ ፍርድ ተሰምቶት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። እርስዎ በፍቅር እንደተናገሩት አልጠራጠርም። ድንጋጤዎም ይገባኛል፤ የምንወደው ሰው ሲወድቅ ያየን ሲመስለን እጃችን ከአእምሯችን ቀድሞ ይዘረጋል። ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ ልጁ ያን ማታ ሲመጣ ምን ተስፋ አድርጎ የመጣ ይመስልዎታል? ሲወጣስ ምን ይዞ ወጣ?

ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ «እሺ ጋሼ» የምትለው ቃል ናት። በእኛ ዘንድ «እሺ» ብዙ ሥራ ያለባት ቃል ናት። ታናሽ ለታላቁ «እሺ» ሲል ሁልጊዜ ተስማምቻለሁ ማለቱ አይደለም፤ ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ፣ ፊት ለፊትዎ እምቢ ማለት ይከብደኛል ማለቱም ሊሆን ይችላል። እርስዎ ለዚህ ልጅ በአንድ ጊዜ አስተማሪውም፣ ሽማግሌውም፣ እንደ አባቱም ነዎት። ይህን ሁሉ ክብር ተሻግሮ «አይ ጋሼ፣ ይህ ነገር እዚህ አገር አይሆንም» ለማለት የሚደፍር የ28 ዓመት ወጣት ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ «እሺ» ብሎ አለማድረጉን እንደ ስንፍና ከመቁጠርዎ በፊት፣ «አይሆንም» የሚልበት በር ተከፍቶለት ያውቅ እንደሆነ ማሰብ ይበጃል።

ይህን የምልዎት ከውጭ ቆሜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እየተመላለስኩ የምደግፈው አንድ ወንጌላዊ ነበር፤ ለሥራው ዕቅድ አወጣሁለት፣ ዕቅዱም ከሸፈ። በኋላ አንድ ቀን «ያ ዕቅድ እንደማይሆን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር» አለኝ። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?» ስለው «መቼ ጠየቁኝ?» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳብ ባቀረብኩ ቁጥር «ከዚህ ውስጥ በአንተ አካባቢ የማይሆነው የቱ ነው?» ብዬ አስከትላለሁ። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ታናሹ አለመስማማቱን መግለጽ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ መታዘዝ ይሆንለታል፤ የተጠየቀውን ነውና የመለሰው። «ለምን» የሚለውንም ቃል ቆጥበው ቢጠቀሙበት መልካም ነው። «ለምን አልሄድክም?» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ወቀሳ ነው፤ «እስቲ እንዴት እንደነበር ንገረኝ» ሲባል ግን ሰው ወንበሩን ያቀርባል።

«ኮች ሁነው» የተባሉበትን ቃል በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ችግሩ በከፊል ከዚያ የመነጨ ይመስለኛልና። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው በሜዳው ጠርዝ ቆሞ «ግፋ! ተመለስ!» እያለ የሚጮኸውን የእግር ኳስ አሠልጣኝ ነው። የቃሉ መነሻ ግን ሰረገላ ነው፤ ኮች በምትባል የሃንጋሪ መንደር ይሠሩ ከነበሩ ሰረገላዎች ስሙ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ተሻገረ። ሰረገላ መንገደኛውን ወደሚሄድበት ያደርሰዋል እንጂ የሚሄድበትን አይመርጥለትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ የነበረው የእኛው ጃንደረባ ትዝ ይለኛል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት የመጀመሪያ ንግግሩ ስብከት ሳይሆን ጥያቄ ነበር፤ የምታነበውን ታስተውለዋለህን አለው። ሰረገላው ላይ የወጣው ተለምኖ ነው፤ ትምህርቱን የጀመረውም ጃንደረባው ራሱ ከያዘው ቃል ነው። በመጨረሻም «እነሆ ውኃ» ብሎ እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ የጠየቀው ጃንደረባው ነው፤ ውሳኔው ከራሱ አፍ ወጣ። ፊልጶስ ማስተማሩን አልተወም፤ ቅደም ተከተሉን ጠበቀ እንጂ። እርስዎም መምህር ስለሆኑ መምህርነትዎን ጣሉ አልልዎትም። ከመስጠትዎ በፊት ልጁ በእጁ ምን እንዳለ ይጠይቁት ነው የምለው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልምጣ። በእኔ አስተያየት እርስዎን ያስጨነቀዎት የአደራው ጉዳይ በዚያ ምሽት የተፈጠረ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮዎት ነበር። በአንድ ጊዜ በሁለት ወንበር ተቀምጠዋል። አንደኛው ለሽማግሌዎች ሪፖርት የሚሰበስብ ሰው ወንበር ነው፤ ሁለተኛው ልጁ ልቡን የሚያፈስበት ሰው ወንበር ነው። የሐሙስ ማታ ጥያቄዎችዎን መልሰው ይመልከቷቸው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ቤት፣ ስንት ፕሮግራም። እነዚህ የሽማግሌዎች ጥያቄዎች ናቸው፤ ተገቢም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የላከችውን ሰውና ያወጣችውን ገንዘብ ልትከታተል ይገባታል። ነገር ግን በዚያው አፍ «እንዴት ነህ ልጄ?» ሲባል፣ ልጁ የትኛው ወንበር እየጠየቀው እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ድጋፉን ሊያስቀር ለሚችል ሰው ድካምን መናገር ደግሞ ለማንም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከሽማግሌዎች ጋር ሲነጋገሩ ሁለቱ ሥራዎች እንዲለዩ ይጠይቁ። ሪፖርቱን የሚቀበል ሌላ ሽማግሌ ይመደብ፤ እርስዎ ደጋፊው ብቻ ይሁኑ። የሰው እጥረት ካለና ሁለቱም በእርስዎ ላይ ከቀሩ ቢያንስ ቀኑን ይለዩት፤ በወር አንድ ቀን ሪፖርት፣ በሌሎቹ ቀናት ግን ቁጥር ጨርሶ የማይነሳበት ጭውውት። ለልጁም ገና ሲጀምሩ «ዛሬ የማናግርህ እንደ ሽማግሌ ነው» ወይም «ዛሬ ለአንተ ብቻ ነኝ» ብለው ይንገሩት።

አደራውን ይጠብቁ። ባጃጅ መንዳት ኃጢአት አይደለም፣ መጠራጠርም ወንጀል አይደለም፤ እነዚህን ከእርሱ ጀርባ መናገር የሚያስገድድ ምክንያት አይታየኝም። ያም ሆኖ ሽማግሌዎች የ3ኛውን ዓመት ድጋፍ ሲወስኑ እውነቱን ሳያውቁ ሊወስኑ አይገባም። ሁለቱ የሚታረቁት እውነቱን የሚናገረው ባለቤቱ ሲሆን ነው። ለሽማግሌዎች አሁን «ሪፖርቱን እርሱ ራሱ ቢያቀርብ እመርጣለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ሄጄ ላየው ጊዜ ስጡኝ» ይበሏቸው። በዚህ ውሸት የለበትም፣ የተበላ አደራም የለም። ለልጁ ደግሞ «እኔ አልናገርብህም፤ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ግን አንተ እንድትናገር እፈልጋለሁ፤ ስትናገርም አጠገብህ እቀመጣለሁ» ይበሉት። ለወደፊቱ ግን ወሰን የሌለው አደራ አይቀበሉ። ሰው የሚጎዳበት፣ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሚባክንበት ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብበት ነገር ከሆነ ዝም እንደማይሉ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባ ነበር፤ አሁንም አልረፈደም።

ከዚያ ወደ ልጁ ይሂዱ። በስልክ አይሁን። ስልክ ላይ ፊት አይታይም፤ «እሺ» ሲል ዓይኑ ወዴት እንደሄደ አያውቁም። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው አጣርተው፣ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ይሂዱ። ያቺን አንዲት ጥያቄ የጠየቁዎት ባለቤትዎ፣ ካነበብኩት ሁሉ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ጉዳይ ትልቁ ረዳትዎ ናቸው። የልጁ ሚስት የባሏ ሥራ ተቀጥላ ተደርጋ እንዳትታይ እፈራለሁ፤ የራሷ ሐዘን፣ የራሷ ጥሪ፣ የራሷ ድካም አላት። ባለቤትዎ ቡና አፍልተው ከእርሷ ጋር ለብቻቸው ቢቀመጡና «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ቢሏት፣ ምናልባት ወደዚያች ከተማ ከሄደች ወዲህ ይህን የሚጠይቃት የመጀመሪያ ሰው ይሆኑ ይሆናል። የጎረቤቱንም ነገር በጥላቻ ብቻ አይተርጉሙት። አብዛኛው ሰው የተዋሕዶ አማኝ በሆነበት ከተማ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ የበዓሉ ጥሪ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቀን የተሳሰረ ነው፤ በሌላ እምነት የመጣ አዲስ ቤተሰብ በዚያ መካከል ቦታ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል። እድር ገብተዋል? ለቅሶ ይደርሳሉ? በዓል ሲሆን «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው የጎረቤት ደጅ ይረግጣሉ? እነዚህን በትእዛዝ መልክ አያቅርቡላቸው። ጎረቤትነቱ አማኝ ለመቁጠር የተቀመጠ ወጥመድም መሆን የለበትም፤ ሰው ያንን ቶሎ ያውቀዋል።

በመጀመሪያው ቀን ስለ አጥቢያው ባያነሱ ደስ ይለኛል። በጣና ዳር የኖረ ሰው የደንገል ታንኳን ጠባይ ያውቃል፤ ከውኃ ወጥታ በዳር ካልደረቀች ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳትና መሸከም ያቅታታል። ይህም ልጅ ጠዋት ወንጌላዊ፣ ከሰዓት በኋላ ባለ ባጃጅ፣ ማታ የቤት ኅብረት መሪ ሆኖ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ማድረቂያ ቀዝፏል። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ አበላው፣ እንዲተኛም ተወው፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱ፣ ከሰው መሸሹ ሳምንታት የዘለቀ መሆኑን ካዩ ግን ነገሩ ከእርስዎም ከእኔም ምክር በላይ ነውና ሐኪም እንዲያየው ያግዙት፤ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ሲረጋጋ፣ ምናልባት በማግስቱ በእግር እየሄዳችሁ፣ ስለ ሥራው ሊነጋገሩ ይችላሉ። በሥልጠናው ጥራዝዎ ውስጥ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ግሮው» የሚባለው ባለ 4 ደረጃ ውይይት ሳይኖር አይቀርም፦ ግቡ ምንድን ነው፣ አሁን ያለው ሁኔታ ምንድን ነው፣ ምን አማራጭ አለ፣ የትኛውን መቼ ታደርጋለህ። እንደ ቅጽ እየሞሉ ከሄዱበት ከምርመራ አይለይም፤ አቅጣጫ እንዳይጠፋ ብቻ ከተጠቀሙበት ግን ጥሩ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ይቅር እንዲልዎት ይጠይቁት። «ያን ማታ የነገርከኝን ሳልሰማ መከርኩህ፤ ይቅር በለኝ» ማለት ሽማግሌን አያሳንስም። ቀጥሎ ጭውውቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ከዚህ ከምንነጋገርበት ሰዓት ምን ይዘህ ብትነሣ ደስ ይልሃል?»

«እንጃ ጋሼ… ልቀጥል ወይስ ልተው የሚለውን ባውቅ።»

«መልካም። ከምን እንጀምር?»

«ሰዎቹ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።»

«እስቲ ስለነርሱ ንገረኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ፤ አሁንም ዝም ካለ ዝም ይበሉት። መምህር ክፍል ውስጥ ዝምታ ሲያይ ሊሞላው እንደሚቸኩል አውቃለሁ፤ ይህ ልጅ ግን ሐሳቡ ጥልቅ ላይ ነው፣ እስኪቀዳው ጊዜ ይፈልጋል። ሲጨርስም «ሌላስ?» ይበሉት። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ከሁለተኛው «ሌላስ?» በኋላ ነው።

ከ17 ወደ 9 ስለወረደው ቁጥርም አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ልቤ የሚመዝነው ከሪፖርት ቅጹ ለየት ይላልና። የሄዱት 8 ሰዎች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ አለ? በቤተሰብ ግፊት የቀረ አለ? የተቀየመ አለ? ምክንያታቸው የተለያየ ከሆነ መፍትሔውም አንድ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ ግን እርስዎ ያልጠየቁት የሚመስለኝ ጥያቄ አለ፦ 9ኙን ምን አቆያቸው? በችግር ጊዜ ያልተበተኑት እነዚህ 9 ሰዎች ስለዚያ ቤት የሚያውቁት ነገር አለ። ልጁ ጥንካሬውን የሚያገኘው እነርሱ ስለ እርሱ ከሚሉት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ግብ ሲያወጣም በእጁ ያለውን ነገር ግብ ያድርግ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እኔ ተከልሁ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ ያሳደገ ግን እግዚአብሔር ነው ብሏቸዋል። «እስከ መስከረም 40 ሰው» የሚለው የአሳዳጊውን ሥራ ለተካዩ መስጠት ነው፤ ካልሆነ ልጁ ይሸማቀቃል፣ ከሆነም ሰው እየቀላወጠ ቁጥር ለመሙላት ይፈተናል። «በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ ቃሉን አነባለሁ» የሚለው ግን ከሰኞ እስከ ሰኞ ሊጠየቅበት የሚችል ነው። ወቅቱንም ያስቡ። በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ክረምት የሩዝ ማሳ የሚታረምበት ጊዜ ነው፤ ገበሬው ቀኑን ሙሉ ውኃ በቋጠረ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ውሎ ማታ ደክሞ ይገባል። በዚያ ወቅት ከማታ ፕሮግራም የጠፋ ሰው ቀዘቀዘ ማለት ላይሆን ይችላል። ይህን እርስዎ ባሕር ዳር ሆነው አያዩትም፤ ልጁ ግን ያያል። ስለዚህ ዕቅዱን እርሱ ያውጣው።

የባጃጁን ነገር እንደ ውርደት እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። ጳውሎስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከ2 ዓመት በፊት የተወሰነው ወርኃዊ ድጋፍ ዛሬ በገበያ ምን ያህል ጤፍና ዘይት ይገዛል? ይህን ለሽማግሌዎች ማንሳት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ልጁ በራሱ አፍ ሊለምን አይገባም። ለልጁ ደግሞ «ባጃጁ ከአገልግሎትህ ምን ወሰደብህ? ምንስ ጨመረልህ?» ብለው ይጠይቁት። ቀኑን ሙሉ ሰው እያሳፈረ የሚያወራ ሰው ከተማዋን ከእኛ ይልቅ ሊያውቃት ይችላል።

ይቀጥል ወይስ ይመለስ ለሚለው ጥያቄዎ መልስ አልሰጥዎትም፤ እርስዎም አይስጡት። ድካም ላይ ሆኖ የተወሰነ ነገር በዕረፍት ማግስት ሌላ መልክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቢቻል ከመወሰኑ በፊት ሽማግሌዎች የ1 ወር ዕረፍት ይስጡት፤ 9ኙን ሰዎች በዚያ ወር ከባሕር ዳር የሚሄዱ ወንድሞች በየተራ ይጠብቋቸው። ከዚያ በኋላ መቀጠል፣ ቦታ መቀየር፣ ከሌላ አገልጋይ ጋር ተጣምሮ መሥራት ወይም መመለስ በእኩል ክብር ፊቱ ይቅረቡለት። ተመልሶ ቢመጣስ? ማርቆስ በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበር፤ ጳውሎስ ሁለተኛ አልወስደውም ሲል በርናባስ ይዞት ሄደ። ያው ጳውሎስ በኋላ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ። መቀጠሉም መመለሱም የሚያሳፍር ካልሆነ ብቻ ነው ልጁ በነፃነት መምረጥ የሚችለው፤ ይህን ነፃነት ሊሰጡት ከሚችሉት ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። «ለዚህ ኃላፊነት የማልሆን ሰው ነኝ?» ላሉትም መልሴ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ መልስ አጣሁ ብሎ ለመጻፍ የደፈረ ሰው ማዳመጥን ሊማር ይችላል።

ስልክዎን ስለማያነሳ ዛሬ ማታ አጭር መልእክት ይጻፉለት። ምክር አይጨምሩበት፣ ጥቅስም አይጨምሩበት። «ልጄ፣ ስለ ሪፖርት አይደለም። ያን ማታ በደንብ አልሰማሁህም፤ ይቅር በለኝ። የነገርከኝን ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ እኔና እናትህ ዓሣ ይዘን እንመጣለን፤ የማይመቻችሁ ከሆነ ሌላ ቀን ንገረኝ» ይበሉት። መልስ ባይመጣም ሐሙስ ማታ አይደውሉ፤ እስከ ዓርብ ይጠብቁት።